ይድረስ ለጤና ሚኒስትር፦ «ኖርማል» ከሚለው ውጤት ጀርባ ያለ የኩላሊት ጉዳት

ክቡር ሚኒስትር፣

ኩላሊት ሊጎዳ የሚችለው አንቲባዮቲክ ጄንታማይሲን ሊጀመርለት የተዘጋጀ ታካሚ ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ) 0.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው እንበል። በስድስተኛው ቀን 1.1 ይሆናል። የላቦራቶሪው ወረቀት ሁለቱንም ኖርማል ስለሚል ማንም አይደነግጥም፤ መርፌውም ይቀጥላል። ሆኖም ክሬቲኒን በ7 ቀን ውስጥ ከመነሻው 1.5 እጥፍ ከደረሰ ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ 0.3 ከጨመረ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው። የዚህ ሰው ከ1.8 እጥፍ አልፏል።

ስለዚህ ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መነሻው ይለካ፣ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ይደገም፤ አዲሱ ውጤትም ከመነሻው ጎን ይታተም። ለዚህ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የወረቀቱን ቅጽ መቀየር ይበቃል።

የሽንት መጠን መመዝገብ ብቻውን ያዘናጋል። ጄንታማይሲን በኩላሊት ቱቦ ሴሎች ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚጠራቀም፣ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከ5 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ነው፤ ሽንቱም ላይቀንስ ይችላል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ እንኳ ክሬቲኒን ሊጨምር ስለሚችል ታካሚው ከወጣም በኋላ ይመርመር። ከተጠረጠረ ትኩስ ሽንት ሴንትሪፊዩጅ ተደርጎ (በመሣሪያ በፍጥነት ተሽከርክሮ) በማይክሮስኮፕ ይታይ። ጭቃ የመሰለ ቡናማ ካስት (በኩላሊት ቱቦ ውስጥ ተቀርጾ በሽንት የሚወጣ ቅንጣት) የቱቦው ሴሎች መጎዳታቸውን ያሳያል፤ ናሙናው ለሰዓታት ከተቀመጠ ግን ካስቱ ይበታተናል።

አደጋውን አስቀድሞ የማወቁ ሥራ የሚጀምረው ከፋርማሲ መስኮት ነው። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባሉትን የደም ግፊት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ የተባለው ማስታገሻ ሲጨመርለት ሦስቱ ይተባበሩበታል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሰውነት ፈሳሽ ይቀንሳል፤ ዳይክሎፌናክ ወደ ኩላሊት ማጣሪያው የሚገባውን የደም ሥር ያጠብባል፤ ኢናላፕሪል የሚወጣውን ያሰፋል፤ የማጣሪያው ግፊትም ይወድቃል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው። ፋርማሲስቱ እንዲህ ያለውን ማዘዣ አቁሞ ሐኪሙን የመጠየቅ ሥልጣን በመመሪያ ይሰጠው።

በቅጹ ላይ የሚታየው የክሬቲኒን ጭማሪ ማንቂያ ግን በራሱ መድኃኒት የሚያስቆም አይሁን። ኮትሪሞክሳዞል በተባለው አንቲባዮቲክ ውስጥ ያለው ትራይሜቶፕሪም ኩላሊቱ ሳይጎዳም ክሬቲኒንን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ውሳኔው የሐኪም መሆን አለበት።

ኪም-1ን (ከተጎዱ የኩላሊት ቱቦ ሴሎች ወደ ሽንት የሚወጣ ፕሮቲን) የመሳሰሉ የሽንት ጠቋሚዎች ጉዳትን ከክሬቲኒን ቀድመው ያሳያሉ፤ እነሱ እስኪደርሱ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። የመነሻ ምርመራውና አዲሱ ቅጽ በሚቀጥለው የሕክምና መመሪያ ማሻሻያ እንዲካተቱ እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የውስጥ ደዌ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች