ኮሮናዶ ይቀርብሽ የለ?

አንቺ ልጅ፣

እንዴት ከረምሽ? ለዝምታዬ ይቅር በይኝ። «ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ» እያልኩ ከረምኩ፤ ከዚያ አፈርኩ፤ ከዚያ ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ። በቃ፣ እዚህ ላይ እንተወው። አንቺም እኮ አልደወልሽም!

ጉዳይ ስላለኝ ነው የጻፍኩት። አሁንም ሳንዲያጎ ነሽ አይደል? ታናሽ ወንድሜ፣ ጩጬው፣ አፍንጫሽ ስር ነው። ኮሮናዶ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ስልጠና ላይ።

አዎ፣ ያ አዝለሽ ያሳደግሽው ጩጬ። ዲቪ ደርሶት እንደሄደ ታውቂያለሽ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገባ ስንል «ኔቪ ሲል» (SEAL) ካልሆንኩ አለ። በባሕርም በአየርም በየብስም የሚላኩት ኮማንዶዎች። ዜግነት ለሌለው አይፈቀድም፤ ለዚሁ ብሎ ዜግነቱን ሲጠብቅ ከርሟል ለካ። ለእኛ ትንፍሽ አላለም።

የመግቢያ ፈተናውን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። 457 ሜትር በ12 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ መዋኘት፣ በ2 ደቂቃ 50 ፑሽ አፕ፣ ሲት አፑም እንደዚያው፣ 10 ፑል አፕ፣ ከዚያ 2.4 ኪሎ ሜትር በ10 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ መሮጥ። ይህ እንግዲህ ትንሹ ነው፤ ለመመረጥ ከዚህ ብዙ መሻል ያስፈልጋል። «ጣና ያሳደገው ሰው ይህን ይፈራል?» አለኝ። አንቺ «ጉማሬ!» ሲሉሽ ጫማሽን ጥለሽ እስከ ዘንባባዎቹ ስትሮጪ፣ እሱ ከታንኳ እየዘለለ ይስቅብሽ ነበር። (አሁንም ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል።)

እኔን የያዘኝ ብርዱ ነው። ፓስፊክ እንደ ጣና አይደለም። ክንድ ለክንድ አቆላልፈው ማዕበሉ ውስጥ ያስተኟቸዋል፣ እስኪንቀጠቀጡ። «የሲኦል ሳምንት» የሚሉት አለ፤ አምስት ቀን ተኩል ሙሉ፣ በጠቅላላው 4 ሰዓት ገደማ እንቅልፍ። የጎማ ጀልባ በአናታቸው ተሸክመው ይሮጣሉ። ግቢው ውስጥ ደወል ተሰቅሏል። በቃኝ ያለ ሦስት ጊዜ ደውሎ፣ የራስ ቁሩን ከሌሎቹ ተርታ አስቀምጦ ይወጣል። አብዛኛው አይጨርስም።

እማዬ አታውቅም። መርከብ ላይ ወጥ ቤት የሚሠራ ነው የሚመስላት። የአባባን ነገር ላንቺ አልነግርሽም፤ በዚያ ላይ ይህን ብትሰማ...

ባለፈው ሰንበት ደብረ ማርያም ተሻግሬ ነበር። ጥላ ልሳል ብዬ ቆሜ፣ ምን ብዬ እንደምሳል ጠፋኝ። «አሳልፊልኝ» ልበል? ካለፈ እኮ የት እንደላኩት እንኳ አይነግረንም። «ደወሉን አስደውይልኝ» ልበል? ለእህት እንዲህ ያለ ጸሎት ያምርባታል? ዝም ብዬ ሻማ አብርቼ ተመለስኩ። ጀልባው ላይ ግን... እውነቱን ልንገርሽ? ደወሉን ደውሎ ቢወጣ ደስ ይለኛል። ለማንም እንዳትናገሪ። ለእሱማ በጭራሽ!

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ኩራቱን ታውቂዋለሽ። ካልተሳካለት ለእኔ አይነግረኝም። ደውሎ የወጣውን ደግሞ ወደ ቤትህ ሂድ አይሉትም፤ ኮንትራቱን እስኪጨርስ ሌላ ሥራ ይመድቡታል። አንዱ መርከብ ላይ ገብቶ ድምፁን ያጠፋብኛል ብዬ ነው የምፈራው። ስለዚህ ስልክሽን ሰጥቼዋለሁ። ሳላስፈቅድሽ፣ አዎ። ድልድዩን ተሻግሮ ከመጣ ሽሮ ሥሪለት፣ ቃሪያ አብዢበት። አለፍክ ወደቅክ ብለሽ እንዳትጠይቂው። እግሩን ብቻ እይልኝ። ሩጫው ብዙዎቹን አጥንታቸውን ይሰነጥቃቸዋል አሉ፣ እሱ ደግሞ ቢያመውም አይናገርም።

ላስቸግርሽ አልፈልግም ነበር። ግን ከአንቺ ሌላ እዚያ ማን አለኝ?

ስትደውዪ እናንተ ጋ ምሳ ሰዓት ሲሆን ይሁን፤ እማዬ ያን ጊዜ ትተኛለች። ካልተኛች ስለ እምቦጩ ነው የማወራሽ፣ ግራ እንዳይገባሽ።