ነጩ ደመና ስለ ፍጥነት የማይነግረን ነገር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የጦር ጄት በነጭ ደመና ተከቦ የሚታይበት ፎቶግራፍ በታተመ ቁጥር ከሥሩ «አውሮፕላኑ የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍ» የሚል መግለጫ ይሰፍራል። በጋዜጣችሁም ይኸንኑ አንብቤአለሁ። ፊዚክስ የማስተምር ሰው ስለሆንኩና ተማሪዎቼ ይህን እምነት ይዘው ወደ ክፍል ስለሚመጡ፣ መግለጫው እንዲታረም ለማሳሰብ እወዳለሁ።

አውሮፕላን ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲቃረብ በክንፉና በአካሉ ላይ የሚያልፈው አየር በአንዳንድ ቦታ ከራሱ ከአውሮፕላኑ ይልቅ ስለሚፈጥን ግፊቱ በድንገት ይወርዳል። ግፊቱ የወረደው አየር ይሰፋል፤ ከአካባቢው ሙቀት ለመቀበል ጊዜ ስለማያገኝም በቅጽበት ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ጤዛ ከሚፈጠርበት መጠን ሲወርድ፣ በአየሩ ውስጥ የነበረው የማይታይ የውሃ ተን ወደ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ጠብታዎች ተለውጦ ደመና ሆኖ ይታያል። ከበስተኋላው ደግሞ ሾክ ዌቭ የሚባለው የግፊት ሞገድ አየሩን በድንገት መልሶ ስለሚያምቀውና ስለሚያሞቀው ጠብታዎቹ ወዲያው ይተናሉ። ደመናው በስተኋላ በቢላ የተቆረጠ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ዓይን ሊያየው የማይችለው የግፊት ለውጥ እንዲህ በግልጽ ተስሎ መታየቱ፣ ለእኔ ከማንኛውም የፍጥነት ወሬ የላቀ ድንቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ወሳኙ የአየሩ ርጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባልደረባ የነበረው ጆን ጌይ ከአውሮፕላን ተሸካሚዋ መርከብ ኮንስቴሌሽን ላይ ሆኖ ያነሳው ዝነኛው የኤፍ ኤ 18 ሆርኔት ፎቶግራፍ የተገኘው በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ፣ ጄቱ ለውሃው ቀርቦ ሲበር ነበር። በደረቅ አየር ግን አንድ ጄት በባሕር ወለል ከፍታ በሰዓት 1,225 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የድምፅ ፍጥነት አልፎ ሲሄድ ምንም ደመና ላይታይ ይችላል። በአንጻሩ ርጥበት በበዛበት ቀን ለማረፍ በሚያዘቀዝቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ክንፍ ላይ ተመሳሳይ ጭጋግ እናያለን፤ የዚያ አውሮፕላን ፍጥነት ደግሞ የድምፅን ሩብ ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የሚቀላቀል ሌላም ስሕተት አለ። ከምድር የሚሰማው ከባድ ፍንዳታ ጄቱ የድምፅን ፍጥነት ባለፈባት ቅጽበት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጠር አይደለም፤ ከድምፅ ፈጥኖ እስከበረ ድረስ አብሮት ይጓዛል፣ በመንገዱ ሥር ያለ ሁሉ በየተራ ይሰማዋል። በከፍታ ላይ አውሮፕላን ጥሎት የሚያልፈው ረጅም ነጭ መስመርም ከሞተሩ የወጣ የውሃ ተን በረዶ ሆኖ የሚሠራው ስለሆነ ከዚህ የተለየ ነገር ነው።

ስለዚህ ወደፊት እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ስታወጡ፣ የአውሮፕላኑ ፍጥነት በትክክል ካልታወቀ በስተቀር፣ «በርጥብ አየር ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት የሚበር ጄት» ብላችሁ እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚክስ መምህር