ከአምቡላንስ በፊት ለሚደርሱ ሰዎች ሥልጠና የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የጎንደር ነዋሪዎች፣ በአገር ውስጥና በውጭ የምትኖሩ የከተማችን ተወላጆች፤

ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወር ከጥቂት ቀናት ሲሆነው፣ በአፄ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መደብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች እንደሞቱ እናስታውሳለን። እንዲህ ባለ ሰዓት ለወደቀው ቀድሞ የሚደርስለት አጠገቡ የቆመው ሰው ነው፤ የሚደርሰው ሰው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው እኔም ካላወቁት አንዱ ነበርሁ። በአዘዞ መንገድ ባጃጅ ተገልብጣ ሾፌሩ ሲጎዳ፣ ሦስት ሆነን እጅና እግሩን ይዘን ሌላ ባጃጅ ውስጥ አጣጥፈን አስገባነው። አንዲት እናት አዝነውለት ውሃ አጠጡት፤ ከጭኑ የሚፈሰውን ደም በነጠላቸው ሸፈኑለት እንጂ ተጭኖ የያዘለት አልነበረም፤ ጥለቱ ከደሙ እስከማይለይ ድረስ ነጠላው ራሰ። አከርካሪው የተጎዳ ሰው እንደማይታጠፍ፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው የሚችል በአፉ ምንም እንደማይሰጠው፣ የሚፈስ ደምም እጅ ሳይነሣ ተጭኖ እንደሚያዝ የተማርሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ የአራት ዕድሮች አባላት ተሰባስበን ለባጃጅ ሾፌሮች፣ በጥምቀት ለሚያስተባብሩ ወጣቶችና ለትምህርት ቤት ጥበቃዎች የሁለት ቀን ሥልጠና አዘጋጅተናል። ሠልጣኞቹ ደም ማቆምን፣ ልቡ የቆመ አዋቂን ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መጫንን፣ ብዙ ሰው ሲጎዳም ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ መለየትን ይማራሉ። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ለገጠሩ የሚሆኑ ባለሙያዎች በሠለጠኑባት ከተማ አሠልጣኝ አልጠፋም፤ የድንገተኛ ሕክምና ነርሶች ያለ ክፍያ ሊያስተምሩ ቃል ገብተውልናል። የጎደለን መለማመጃ አሻንጉሊት፣ ፋሻና ቃሬዛ ነው። (ዕድራችን ቃሬዛ አለው፤ የሚወጣው ግን ለአስከሬን ብቻ ነው።)

እንዲህ ያለውን ሥልጠና መሸከም የሚገባው የመንግሥት በጀት እንደሆነ እናምናለን፤ ራሱን የቻለ በጀት እንዲያዝለትም ለከተማው ምክር ቤት በጽሑፍ እንጠይቃለን። ሆኖም ጥያቄያችን ተቀባይነት ቢያገኝ እንኳ ገንዘቡ የሚለቀቀው ከመጪው ሐምሌ 1 በኋላ ሲሆን፣ ጥምቀት ከዚያ በፊት ይደርሳል።

በመሆኑም እያንዳንዱ አባወራ ለስድስት ወር በየወሩ 20 ብር በዕድሩ ገንዘብ ያዥ በኩል እንዲያዋጣ፣ አቅሙ የፈቀደም እንዲጨምር በአክብሮት እንጠይቃለን። ያለ ደረሰኝ ምንም ገንዘብ አይሰበሰብም፤ ገቢና ወጪውም በየወሩ በዕድር ቤቶቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ገንዘብ የሌለው በሙያው ሊያግዘን ይችላል፤ አናጢ የሆነ ሰው ሁለት ቀጥ ያሉ የባሕር ዛፍ እንጨቶችና የአንድ ቀን ጉልበቱን ከሰጠን፣ በስሙ አንድ ቃሬዛ ብለን እንመዘግብለታለን።