ሄሊኮፕተሯ ደብረ ብርሃን ትቁም፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ

ጤና ይስጥልኝ፣ የቢሮው ኃላፊዎች።

የምጽፍላችሁ ከሰሜን ሸዋ ነው። ጥያቄዬን አስቀድሜ ልናገር። ለክልላችን ሕመምተኛ የምታነሳ አንዲት ሄሊኮፕተር ትገዛ፣ ካልሆነም ትከራይ፤ ማደሪያዋም ደብረ ብርሃን ይሁን። «ድሃ አገር ሄሊኮፕተር ምን ያደርግለታል» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

የአክስቴ ልጅ ትኖር የነበረው ከአንኮበር ቁልቁል፣ መኪና የማይገባበት መንደር ነው። ሌሊት ቤቷ ወለደች። ልጁ ደህና ነበር፣ አለቀሰም። እንግዴ ልጁ ግን አልወርድ አለ፣ ደሙም አልቆም አለ። አምቡላንስ ተደወለ፤ ያለችው አንዷ ሌላ ወላድ ይዛ ሄዳለች ተባለ። ቃሬዛ ታሰረ። የመንደሩ ጎረምሶች አራት አራት እየሆኑ፣ እየተቀባበሉ፣ በባትሪ ብርሃን ያንን ዳገት ተያያዙት፤ ሴቶቹ ከኋላ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይከተላሉ። መኪና መንገዱ ጋ ሲደርሱ ነግቷል። እሷ ግን ዳገቱ ላይ አርፋለች። ልጁ አሁን አምስት ዓመቱ ነው፣ የሚያድገውም አያቱ ጋ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የተሸከሟት ልጆች ከዚያ በላይ ምን ያድርጉ? ሹፌሩስ አንዷን ወላድ አውርዶ ሌላዋን ይጫን? ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ጤነኛ የነበረችን እናት በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። የጤና ባለሙያዎች ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ፤ ለመሄድ እስኪወሰን፣ እስኪደረስ፣ ከተደረሰ በኋላ ደግሞ ሕክምናው እስኪጀመር። እኛን የገደለን መሐለኛው ነው።

አገራችንን ታውቁታላችሁ። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ጀማ ሸለቆ ውስጥ ለታመመ ሰው በየትም ቢሉ ሽቅብ ነው። ማዶ ለማዶ ሆነው የሚጠራሩ ሰዎች ለመገናኘት ግማሽ ቀን ይሄዳሉ። ስለዚህ አምቡላንስ ብትጨምሩልን ደስ ይለናል፣ ግን አምቡላንስ መንገድ ይፈልጋል፣ ለዚህ ሁሉ ገደል ደግሞ መንገድ ሠርቶ ለመጨረስ የእኛም የልጆቻችንም ዕድሜ አይበቃም።

ስትገዙ ግን የደጋ ትሁን። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ይደክማል፣ ላይዋ ላይ የሚሽከረከረው ክንፍም የሚገፋው አየር ያንሰዋል። ቆላ ላይ በቀላሉ የሚነሳ ጭነት ደብረ ብርሃን ላይ አልነሳ ሊል ይችላል። ይህ አይቻልም ማለት አይደለም፤ በ1997 ዓ.ም. ባለ አንድ ሞተር ሄሊኮፕተር የኤቨረስት ጫፍ ላይ አርፋ ተነስታለች። የሚገዛው ሰው ይህን የሚያውቅ ይሁን ነው የምለው።

ከሞተሩ በላይ ደግሞ ውስጧ የሚቀመጠው ሰው ነው። ደም፣ ግሉኮስ፣ ማሕፀን አኮማትሮ ደም የሚያስቆመውን ኦክሲቶሲንና ኦክስጅን የያዘ፣ የሠለጠነ ባለሙያ ከሌለባት ፈጣን ታክሲ ብቻ ናት። የአክስቴ ልጅ ሆስፒታል እስክትደርስ መጠበቅ አልነበረባትም፤ ሆስፒታሉ እሷ ጋ መድረስ ነበረበት።

ገንዘቡስ? ስዊዘርላንድ ውስጥ ሬጋ የሚባል የሄሊኮፕተር አድን ድርጅት አለ። ተራራማ አገር ነው፣ እንደ እኛ። ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያዋጡለታል፣ አብዛኛው ገቢውም ከዚያ ነው። ይህ እኮ እድር ነው! እኛ ለሞተው ሰው ድንኳንና ንፍሮ የምናዋጣ ሕዝብ ነን። በሕይወት ላለው አዋጡ ብትሉን እምቢ የምንል ይመስላችኋል? ውጭ ያለው የሸዋ ልጅም ይጨመርበታል።

አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ሳላነሳው ባልፍ ይከነክነኛል። ዛሬ በእኛ ሰማይ ሄሊኮፕተር ሲሰማ ልጆች ለማየት አይወጡም፣ ወደ ቤት ነው የሚሮጡት። ያሳለፍነውን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ይቺ ሄሊኮፕተር ከሩቅ የምትለይ ትሁን፤ ነጭ፣ ትልቅ ቀይ መስቀል ያለባት። ወታደር አይጫንባት። ባለሥልጣንም ለስብሰባ አይሂድባት፣ አንድ ቀን እንኳን። የጄኔቫ ስምምነቶች ጥበቃ የሚሰጡት ለሕክምና ብቻ ለዋለ አውሮፕላን ነው፤ አንዴ ለሌላ ሥራ ከዋለች ሰው ዳግመኛ አያምናትም።

ጉም ሲወርድ እንደማትበር አውቃለሁ። አንኮበር ክረምቱን በጉም እንደተሸፈነ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ሸዋ ሮቢት ላይ ሁለተኛ ማረፊያ ቢኖራት የሚሻለው፤ ደጋው ሲዘጋ ከታች በኩል ትገባለች።

እስከዚያው ግን አንድ ብር ሳይወጣ የሚጀመር ሥራ አለ። በየቀበሌው የማረፊያ ቦታ ይመረጥ፣ ይመዝገብ፣ ዝርዝሩም ቢሮአችሁ ይቀመጥ። አውድማ ሜዳ ስለሆነ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ገለባው በነፋሷ ተነስቶ አብራሪውን ያሳውረዋል። በሚስማር ያልተመታ ቆርቆሮ ያለበት ጣሪያ አጠገብም አይሆንም። የመብራት ሽቦ ከሁሉ ይከፋል።

በአክስቴ ልጅ መንደር ያለውን የትምህርት ቤት ሜዳ ባለፈው ሳምንት ወርጄ ለካሁት። ርዝመቱ 70 እርምጃ፣ ወርዱ 45 ነው። ሽቦ የለበትም። በስተምሥራቅ ሦስት ባሕር ዛፎች ቆመዋል፤ ባለቤታቸውን አናግሬዋለሁ፣ እቆርጣለሁ ብሏል። ዝርዝሩን ከዚህ ጀምሩት።