ለሚሚዬ፣ ስለ አንድ ሐኪም

ሚሚዬ፣

ባለፈው በስልክ የጮህኩብሽ እስካሁን ይከነክነኛል። ሕክምናውን ትተሽ የመሬት ገጽታ ንድፍ ልማር ስትዪኝ «አራት ዓመት ውሃ በላው» አልኩሽ። ይቅር በዪኝ።

ያኔ ስለ ጎልፍ ሜዳ ነዳፊው አሊስተር ማኬንዚ ልትነግሪኝ ስትጀምሪ አቋረጥኩሽ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ሳነብ ሰነበትኩ። ሐኪም ነበር። በቦር ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ደቡብ አፍሪካ ዘመተ። እዚያ ልቡን የሳበው የቦሮቹ፣ የደች ዘር ሰፋሪዎቹ፣ ምሽግ ነው። ከመሬቱ ጋር ስለሚያመሳስሉት ከፊት ለሚመጣ ሰው አይታይም። ኋላ ጎልፍ ሜዳ ሲነድፍ ያ ነገር ከእጁ አልወጣም። የአሸዋ ጉድጓዶቹን፣ ባንከር የሚሏቸውን፣ ንፋስና ውሃ የቆፈራቸው አስመሰላቸው።

እኔ መንገድ ስቀይስ ነው የኖርኩት። የእኛ ሥራ ጉብታውን ቆርጦ ጎድጓዳውን መሙላት ነው። እሱ ጉብታውን ትቶ ጨዋታውን በዚያ ላይ ያስኬዳል። ለእንደኔ ያለ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ካሊፎርኒያ ያለው ሳይፕረስ ፖይንት የሚባለው የእሱ ጎልፍ ሜዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 የተከፈተው፣ ወደ 16ኛው ቀዳዳ ኳስ የሚመታው ባሕሩን አሻግሮ ነው፤ ከ200 ሜትር በላይ። ቀድሞ ሥራውን የያዘው ነዳፊ «አይሆንም፣ ይርቃል» ብሎ ነበር አሉ። ማሪዮን ሆሊንስ የምትባል ሴት፣ የአሜሪካ የሴቶች ሻምፒዮን፣ ኳሷን አስቀምጣ መታችና ባሕሩን አሻገረችው። ማኬንዚ የዚያን ቀዳዳ ምስጋና ለእሷ ነው የሰጠው። ይህን ሳነብ አንቺ ትዝ አልሽኝ።

የሚያሳስበኝንም ልንገርሽ። ዛሬ ማስተርስ የሚባለው ትልቅ የጎልፍ ውድድር የሚካሄድበትን የኦገስታን ሜዳ ከጎልፍ ተጫዋቹ ቦቢ ጆንስ ጋር የነደፈው እሱ ነው። ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ስለነበር ክፍያውን በግማሽ ቀነሰ፤ ግማሹም ተሟልቶ አልተከፈለውም። እ.ኤ.አ. በጥር 1934 ሞተ። የመጀመሪያው ውድድር የተደረገው በመጋቢት ነው። ልጄ፣ ለሥራሽ ውል ይኑርሽ። በጽሑፍ።

የጓሯችን ውሃ ዘንድሮም መውጫ አጥቶ አጥሩ ሥር ተኝቷል። ቦይ ልቆፍር ዶማ አውጥቼ ነበር፤ መልሼ አስገባሁት። መሬቱ ወዴት እንደሚያዘነብል መጥተሽ እዪልኝ። እስክትመጪ አልነካውም።

አባትሽ