ከዝርያው በፊት ሰንሰለቱን እዩልን

ክቡር የዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን አንድ የአዳማ ነዋሪ «ሮትዋይለርና ጀርመን ሼፐርድ ከከተማችን ይውጡልን» ብለው የጻፉላችሁን ደብዳቤ አንብቤዋለሁ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ የጎረቤት ውሻ ነክሶባቸው ነው። ንዴታቸው ይገባኛል፤ እኔም የልጆች አባት ነኝ። በመፍትሔው ግን አልስማማም። ውሻ እያሳደግሁ ፀጉሬ ስለሸበተ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ከሁሉ በፊት ግን ይኼ ይቅደም። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። የባህል መድኃኒት ቀብቶ፣ «ውሻው ጤነኛ ነው፣ አውቀዋለሁ» ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተወሰደ ያድናል። እዚህ ላይ ዝርያ ቦታ የለውም። ቡቺም ትሁን ሮትዋይለር፣ ካልተከተበ ያው ያልተከተበ ውሻ ነው።

ወደ ጸባያቸው ልመለስ። እኛ የፍራንኮ አካባቢ ውሻ አሳዳጊዎች ቅዳሜ ጠዋት እንስሳት መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ መገናኘታችን አይቀርም። የትል መድኃኒት ሊገዛ የመጣው፣ መዥገር ያስቸገረው፣ ወሬ ብቻ የናፈቀውም እዚያ ነው። የማያልቀው ጨዋታችንም «የኔ እንዲህ ነው፣ ያንተስ?» ነው።

ብዙዎቻችን የጀመርነው በጀርመን ሼፐርድ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን ዝርያውን ማስመዝገብ ሲጀምር፣ ውሻው የበግ እረኛ ነበር። እረኝነቱ ዛሬም አልለቀቀውም። የኔው፣ ልጆቼ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ዙሪያቸውን እየዞረ ወደ አንድ ጥግ ይሰበስባቸዋል። አንዱ ካፈነገጠ ተረከዙን በጥርሱ ጫፍ ነካ ያደርገዋል። የማያውቅ ሰው ቢያይ «በላው!» ብሎ ይጮኻል። ባጃጅ ሲያልፍ ጎማውን የሚያሳድደውም በዚሁ አመሉ ነው። ሥራ ካልሰጡት ራሱ ይፈጥራል፤ የተሰጣ ልብስ ማውረድ ሥራ ከተባለ።

ሮትዋይለር ሌላ ነው። እዚያው ጀርመን አገር ከብት ሲነዳ፣ የሥጋ ነጋዴ ጋሪ ሲጎትት የኖረ ዘር ነው። ቅዳሜ ከምንገናኘው መካከል አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር አሉ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። የሳቸው ሮትዋይለር የወደደውን ሰው ጉልበት ላይ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ይደገፋል፤ ካልጠነከሩ ይጥላል። እንግዳ ሲገባ ግን ጩኸት የለም፣ ቆሞ ያያል። ብዙ ሰው ያንን ዝምታ የዋህነት ይመስለዋል። ጋሼ ግን «ጅራቱ ቀጥ ብሎ፣ ሰውነቱ ደንድኖ፣ ዓይኑን ከተከለብህ እጅህን ሰብስብ» ይላሉ። ልጆቻችንን ከሁሉ አስቀድመን ልናስተምራቸው የሚገባው ይህን ይመስለኛል። ሮጦ ማምለጥ አይሆንም፤ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ዓይን ዓይኑን አለማየት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መራቅ።

ዶበርማንን የፈጠረው ሉዊ ዶበርማን አፖልዳ በምትባል የጀርመን ከተማ ግብር ሰብሳቢ ነበር። ግብር ለመሰብሰብ ከቤት ቤት ለሚዞር ሰው እንዲህ ያለ ጓደኛ ቢያስፈልገው አይፈረድበትም። ፀጉሩ አጭር ስለሆነ የአዳማን ሙቀት ከሌሎቹ ይችለዋል፤ ብቻውን መዋል ግን አይችልም። ላብራዶርን ለጥበቃ ብላችሁ እንዳትገዙ። ልጅ ይወዳል፣ ውሃ ይወዳል፣ የዓይነ ስውራን መሪ ሆኖ ያገለግላል፤ ሌባ ከመጣ ግን ባትሪ ያበራለታል።

የሚያሳዝነኝ ካውካሲያን ነው። ከጎረቤቶቼ አንዱ «ኦሪጅናል» ተብሎ ቴሌግራም ላይ የታየውን ቡችላ በበሬ ዋጋ ገዛው። ዛሬ ግቢው ውስጥ የቆመው ግልገል ድብ ነው። ይህ ውሻ የካውካሰስ ተራሮች ላይ ሌሊት ብቻውን በጎችን ከተኩላ ሲጠብቅ የኖረ፣ የላይ ፀጉሩ ረጅም፣ የውስጡም ጥቅጥቅ ያለ ነው። በዚያ ላይ ትእዛዝ አይጠብቅም። እረኛው ተኝቶ እሱ ራሱ እንዲወስን ተደርጎ የተረባ ነውና «ና!» ሲሉት ይሰማል፣ ያስባል፣ ካሰኘው ይመጣል። በሚያዝያ ፀሐይ የጎረቤቴ ውሻ ከውሃ በርሜሉ ሥር እርጥብ አፈር ቆፍሮ ሆዱን አጣብቆ ይውላል፤ ምላሱ መሬት ሊነካ ጥቂት ነው የሚቀረው። ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ መላጨት ደግሞ መፍትሔ አይደለም፣ ቆዳውን ለፀሐይ ያጋልጠዋል። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መሆኗን ሻጩ አልነገረውም፤ ገዢውም አልጠየቀም።

የሐበሻ ውሻችንስ? ሰው ይንቀዋል፣ ጅብ ግን አይንቀውም። ጆሮው ቀላል ነው፤ ሌባ አጥሩ ጋ ሳይደርስ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፤ ሙቀቱን፣ አቧራውን፣ ነፋሱን ለምዶታል። ለጥበቃ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ የምመክረው እሱን ነው፣ ማንም ባይሰማኝም። ቡቺዎችን ደግሞ ማንም አይከሳቸውም እንጂ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚደርሰው ጥቃት ቢቆጠር ቀዳሚዎቹ እነሱ ይመስሉኛል። ቡቺ ብትነክስ ካልሲ ይቀደዳል፣ ሮትዋይለር ቢነክስ ግን ሆስፒታል ያስተኛል፤ ይህ ልዩነት እውነት ነው፣ አልክድም። ትልቅ ውሻ ያለው ሰው ራሱን ችሎ የሚዘጋ በር፣ ጠንካራ ማሰሪያ፣ ወደ ውጭ ሲያወጣው የአፍ መሸፈኛ ግዴታው መሆን አለበት።

ታዲያ ዘር ይህን ያህል ጸባይ ከሰጠ «ይከልከል» ያሉት ሰውዬ ምን አጠፉ? ዘር ዝንባሌ ይሰጣል፤ መንዳት፣ መቆፈር፣ ዕቃ ማምጣት፣ ትእዛዝ መስማት። ተናካሽነት ግን ከዘር ተነሥቶ የሚገመት ነገር አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን ጸባይ ከባለቤቶቻቸው ጠይቆ፣ የሁለት ሺህ ያህሉን ዘረመል መርምሮ ነበር። በአንድ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጸባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ገደማውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። በቶሎ መቆጣትን በተመለከተ ደግሞ የዝርያው ስም ከምንም የማይቆጠር ነበር።

ደብዳቤውን የጻፉት ሰውዬ ራሳቸው ልጃቸውን የነከሰውን ውሻ «ቀኑን ሙሉ ታስሮ እየጮኸ የሚውል» ብለውታል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ውሻ የሚያድግበትን መንገድ ታውቁታላችሁ። ቡችላው ጡት ሳይጠግብ በወሩ ይሸጣል። ውሻ ሰውን፣ ልጅን፣ የመኪና ድምፅን የሚለምደው ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ እኛ ያን ጊዜ «ሰው እንዳይለምድ» ብለን ጓሮ እንደብቀዋለን። ኃይለኛ እንዲሆን ጆሮውን የሚቆርጥ አለ፣ ሚጥሚጣ የሚያበላም አለ። ከዚያ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ በር በሩን እያየ ያድጋል፤ የሚያልፍ ተማሪ ሁሉ ድንጋይ ይወረውርበታል። አንድ ቀን ማሰሪያው ሲበጠስ የሚነክሰው ያንን ተማሪ ነው። ይህ ውሻ ላብራዶር ቢሆን ኖሮስ አይነክስም ነበር? ይነክስ ነበር እንጂ።

ሌላው ሌሊቱ ነው። ቀን ያሰርነውን ማታ በሩን ከፍተን መንገድ ላይ እንለቀዋለን። ንጋት ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶች ዱላ ይዘው የሚወጡት፣ ለሱብሂ ሶላት መስጊድ የሚሄዱ ሽማግሌዎች ዙረው በሌላ መንገድ የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ውሻው ግቢህን ይጠብቅልህ፤ አስፋልቱ ያንተ አይደለም።

ምግቡንም ሳልጠቅስ ባልፍ ጋሼ ይቆጡኛል። የወጥ ትርፍራፊ ለውሻ አይሆንም፤ ሽንኩርት፣ ነጭም ቀይም፣ የደም ሕዋሱን ይጎዳል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ከሥጋ ቤት የሚመጣውን ሳንባና ጉበትም ቀቅላችሁ ስጡ። በጥሬው ከሰጣችሁት ውሻው የኮሶ ትል ዓይነት ይይዘዋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው ሲተላለፍ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ዕጢ ያመጣል።

ከከተማ አስተዳደሩ የምጠብቀው የዝርያ ክልከላ አይደለም። ክልከላ ቢወጣ ሁሉም «ክልስ ነው» ይላል፣ ማን ይመረምራል? በየጊዜው ጎዳና ላይ የሚጣለው መርዝም አልጠቀመንም፤ የሞተውን ቦታ ሌላ ውሻ ይይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ መተላለፊያ ሰንሰለት ይቆረጣል። በየዓመቱ መስከረም ላይ በሚውለው የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሰሞን በየቀበሌው የክትባት ዘመቻ ይደረግ፣ የተከተበ ውሻ በአንገቱ ምልክት ይሰር፣ ምልክት የሌለው ውሻ ከነከሰ ባለቤቱ ሙሉ የሕክምና ወጪውን ይሸፍን። ቢሾፍቱ ቅርባችን ናት፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁም እዚያ ነው። ተማሪዎቹ ለልምምድ ወደኛ ቢላኩ ሁለታችንም እንጠቀማለን። ለተጎዳው ልጅ ከልብ ምሕረት እመኛለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎረቤቴ ካውካሲያኑን ለሚችለው ሰው በነጻ ሊሰጥ ወስኗል። ደብረ ብርሃን ወይም ሌላ ደጋ ላይ የሚኖር፣ ሰፊ ግቢና በጎች ያሉት አንባቢ ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ይጻፍ። ሙሉ ክትባት ተከትቧል፣ ልጅ አይነካም፣ ስሙን ሲጠሩት ግን ወዲያው ይመጣል ብላችሁ እንዳትጠብቁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ