እጅሽን ለማንም አታሳሺ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለውዷ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ትናንት ማታ አክስትሽ ደውላ የነገረችኝን ከሰማሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የተሰበረው ቀኝ እጅሽ ከጀሶ ከተፈታ ወዲህ ፊዚዮቴራፒውን፣ የእንቅስቃሴ ሕክምናውን፣ ትተሽዋል አሉ። በግራ እጅሽ ነው የምትጎርሺው። ቆሎ ስትዘግንልሽ መዳፍሽ አልገለበጥ ብሎ መሬት ላይ ፈሰሰ። ይሄ ሁሉ የሚጠበቅ ነው፤ አልደነቀኝም። የደነገጥኩት «ወጌሻ ጋ ሄጄ ላሳሸው» ማለትሽን ስሰማ ነው።

አታሳሺው። ስሚኝ ልጄ፣ እጅሽን ለማንም አታሳሺ።

የአጎትሽን እጅ ታውቂዋለሽ። ስኒ ሊያነሳ ሲል መጀመሪያ የእጁን አንጓ ወደ ውስጥ ያጥፋል። አንጓው ካልታጠፈ ጣቶቹ አይዘረጉለትም። ልጆች ሆናችሁ ስትጠይቁን «ሲወለድ ነው» እያልን አለፍናችሁ። ሲወለድ አልነበረም። ልጅ ሳለ ከሾላ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻ ተጠራ። አጥንቱን አቃናና በሸምበቆ ደግፎ ጥፍር አድርጎ አሰረው። አጎትሽ ሌሊቱን ሙሉ «ፍቱልኝ» እያለ አለቀሰ። ትልልቆቹ «ወንድ አይደለህ? ቻለው!» አሉት። አጠገቡ የተኛሁት እኔ ነበርኩ። ጣቶቹን ስነካቸው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል። በማግስቱም አልፈቱለትም። በኋላ ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ የክንዱ ጡንቻ ግን ደም አጥቶ ሞቷል። የሞተ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ጣቶችን ወደ መዳፍ ይጎትታል። ምክንያቱን የተረዳሁት አድጌ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያክም የጤና ሠራተኛ፣ ከሆንኩ በኋላ ነው። እንዲያ ታስሮ ጠቁሮ የመጣ፣ ከመቆረጥ ሌላ ምርጫ ያልነበረው እጅም በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ሌሊት ተነስቼ ገመዱን ብቆርጠው ኖሮ እላለሁ፤ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ወጌሻ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። እጃቸው የተባረከ አሉ። ያንቺ አጥንት ግን ገጥሟል፤ የሚታሽ ነገር የለውም። 6 ሳምንት ጀሶ ውስጥ ሲቀመጥ መገጣጠሚያው ደረቀ፣ ጅማቶቹ ያዝ ያዝ አደረጋቸው። በጉልበት ካሹት እንደገና ያብጣል። እብጠቱ ደግሞ ይብሱን ያደርቀዋል። ገና ያልጠነከረ አጥንትም ነው። ስለዚህ አታሳሺው!

«እጄ የኔ አይመስለኝም» ብለሽ አለቀስሽ አሉ። አይዞሽ የኔ እናት። ከጀሶ የወጣ እጅ መክሳቱ፣ ቆዳው መላላጡ፣ ለዓይን ማስጠላቱ ያለ ነው። ይመለሳል። ግን ካላንቀሳቀስሽው አይመለስም፤ ሻሽ ውስጥ ደብቀሽው ደግሞ ምንም አይሆንልሽም። አንገትሽ ላይ ያንጠለጠልሽውን ሻሽ ዛሬውኑ አውልቂ፤ አለዚያ ትከሻሽም ይያዛል።

እጅሽን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ንከሪው። ከዚያ ጣቶችሽን ቀጥ አድርጊ። ቀጥሎ ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ እጠፊ፣ ከዚያ ሙሉ ጭብጥ። በአውራ ጣትሽ እያንዳንዱን ጣት በተራ ንኪ። አንጓሽን ወደ ላይ ወደ ታች በዝግታ አንቀሳቅሺ። ክርንሽን ከጎንሽ ሳታላቅቂ መዳፍሽን ገልብጪ፣ መልሺ። ቆሎውን ያፈሰሰብሽ ይሄ ነው፤ ከሁሉም በላይ እሱ ላይ በርቺ። ሁሉንም 10 ጊዜ፣ በቀን አራት አምስቴ ሥሪው። ትንሽ ቢያምሽ ምንም አይደል። በማግስቱ አብጦ ካደረ ግን አብዝተሻል ማለት ነው፤ ቀንሺ እንጂ አትተዪው። ስትተኚ ትራስ ላይ ከፍ አድርጊው። እብጠቱ እስኪጠፋ ቀለበት አታጥልቂ።

ጀሪካን እንዳታነሺ። ልብስ ጨምቀሽ እንዳታሰጪ። ሹሩባውን ለጊዜው የሥራ ባልደረባሽ ትሥራ፤ ደንበኞችሽ አይጠፉም። ጉልበቱ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል፤ ዓመት የሚፈጅበትም አለ። ይሄን አስቀድሜ የምነግርሽ በሁለት ሳምንት ተስፋ ቆርጠሽ ወደዚያ ወጌሻ እንዳትሄጂ ነው።

አንድ ነገር ግን ችላ እንዳትዪ። እጅሽ እንደ መቃጠል እያደረገ ካመመሽ፣ ነጠላ ሲነካው እንኳ ካልቻልሽ፣ ቀለሙ ከተለዋወጠና ካላበው ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። ቶሎ ከተያዘ ይሻላል።

የታክሲ ብር በአክስትሽ በኩል ልኬልሻለሁ። ለሌላ ነገር እንዳታውዪው። ሐሙስ ፊዚዮቴራፒ ስትሄጂ የራጅ ፊልሙን ይዘሽ ሂጂ፤ ሕክምናውን ያቋረጥሽበትን ቀን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። እስከዚያው አታሳሺው።

አባትሽ